ክፉን መምሰል ኃጢአት ነውን?

በ1935 ለሕዝብ በቀረበው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ፣ በእኩለ ሌሊት በር ይንኳኳል። ሠራተኛዋ ስትከፍት ጥቁር ካባ የደረበ፣ ጥቁር ባርኔጣ የደፋ፣ ከሲታ ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሟል። ስሙ ዶክተር ፕሪቶሪየስ ነው። ጥቂት ቆይቶ በገዛ መኖሪያው የሬሣ ሣጥን ከሚመስል ሣጥን ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣ የሚያሳየው ነገር ተመልካቹን ከሳቅ ወደ ድንጋጤ ይወስደዋል። በመስተዋት ዕቃዎች ውስጥ የተዘጉ፣ ቁመታቸው ክንድ የማይሞላ ሕያዋን ሰዎች ናቸው። ንጉሥ አለ፤ ንግሥት አለች፤ ጳጳስ አለ፤ ዲያብሎስም አለ። ንጉሡ ከታሰረበት ሾልኮ ወደ ንግሥቲቱ ሲሮጥ፣ ፕሪቶሪየስ በወረንጦ አንጠልጥሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ዲያብሎሱን ሲያሳይ ደግሞ መልኩ የራሱን መልክ መምሰሉን በኩራት ይጠቅሳል።

ይህን ሰው ሆኖ የተጫወተው እንግሊዛዊው ኧርነስት ቴሲጀር ነው። ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ጀምሮ እስከ 1961 ድረስ በፊልም ሠርቷል፤ የመሪ ተዋናይነቱ ቦታ ግን የሌሎች ነበር። እሱ ከጎን የሚቆመው፣ ጥቂት ደቂቃ ታይቶ ተመልካች ግን የማይረሳው ተዋናይ ነበር። የሚሰጡትም ሚናዎች አብዛኞቹ ፈሪዎች፣ ተሳላቂዎች፣ ስስታሞች፣ አንዳንዴም ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። የእንዲህ ያለ ተዋናይ የሥራ ዘመን አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ይቀሰቅሳል። ዕድሜውን ሙሉ ፊቱን፣ ድምፁንና እጁን ለክፉ ሰዎች ሲያውስ የኖረ ሰው፣ ከክፋታቸው ይካፈላል ወይስ አይካፈልም?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ታላላቅ አእምሮዎች «አዎ፣ ይካፈላል» ብለው መልሰውታል። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» ሦስተኛ መጽሐፍ፣ የከተማይቱ ጠባቂዎች ወራዳ ሰዎችን እንዳይመስሉ ይከለክላል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ከልጅነት ጀምሮ የተደጋገመ ማስመሰል በሰውነትም፣ በድምፅም፣ በአሳብም ላይ ተጣብቆ ልማድና ባሕርይ ይሆናል ይላል። በሰሜን አፍሪካ የነበረው ተርቱሊያን ክርስቲያን ከትርኢት ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ የሚያስጠነቅቅ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በ399 በቁስጥንጥንያ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው ወደ ፈረስ ግልቢያና ወደ ቲያትር የጎረፉትን ምእመናን በስብከቱ ክፉኛ ገሥጿቸዋል።

ፍርዱ በቃል ብቻ አልቀረም። በእንግሊዝ አገር በ1642 ፒዩሪታኖች የበረቱበት ፓርላማ ቲያትር ቤቶችን ዘጋ፤ እስከ 1660ም ተዘግተው ቆዩ። በፈረንሳይ ሞሊየር በ1673 ሲሞት የደብሩ ካህናት በተዋናይነቱ ምክንያት ሥርዓተ ቀብር ነፈጉት። ባለቤቱ ንጉሡን ሉዊ 14ኛን ተማጽና በስንት መከራ፣ ያውም በሌሊት ተቀበረ። እንግሊዝ ለአንድ ተዋናይ የ«ሰር» ማዕረግ የሰጠችው ገና በ1895 ነው፤ ክብሩን ያገኘው ሄንሪ ኧርቪንግ ነበር። ያን ጊዜ ቴሲጀር የ16 ዓመት ልጅ ነበር።

ፊልም ሲመጣ ያው ጥርጣሬ አብሮት መጣ፤ አዲስ አበባም አልቀረለትም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በምኒልክ ከተማ ሲጀመር፣ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። የሞተ ሰው ሲራመድ፣ የሌለ ፈረስ ሲጋልብ ማየት በእግዚአብሔር ሥራ መግባት መስሎ የታያቸው ሰዎች ፍርሃት ተራ አላዋቂነት አልነበረም፤ ፕላቶና አፈወርቅ ያነሡትን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ ማንሣታቸው ነው። የተዋናዩ የኧርነስት ቴሲጀር ቤተሰብም በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ ነበረ። የአጎቱ ልጅ ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር ከ1909 እስከ 1919 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆኖ አገልግሏል። በ1916 የሰገሌ ጦርነት ጊዜ ራስ ተፈሪ ሕፃን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ያስጠጉት በዚሁ ሚኒስትር ሌጋሲዮን ነው። በ1910 እዚያው ሌጋሲዮን ውስጥ የተወለደው የሚኒስትሩ ልጅ ዊልፍሬድ ደግሞ አፋርን አቋርጦ በመጓዙ፣ በ1941ም ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ጎጃም ውስጥ ጣልያንን በመውጋቱ በአገራችን የታወቀ ነው። ተዋናዩ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። የጄኔራሎች፣ የዲፕሎማቶችና የሎርዶች ቤት ነው።

ኧርነስት በ1879 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ከፍተኛ የጽሕፈት ሹም ነበሩ። ልጁ ሠዓሊ ሊሆን አስቦ ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ዳሩ ግን ሥዕሉ እንጀራ ስላልሆነው በ1909 መድረክ ላይ ወጣ። ታላቁ ጦርነት በ1914 ሲነሣ 35 ዓመት ሆኖታል። ከቤተሰቡ ማዕረግ አንጻር መኮንንነት ይጠበቅ ነበር፤ እሱ ግን በተራ ወታደርነት ተመዝግቦ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። ብዙም ሳይቆይ ከጓዶቹ ጋር የተጠለለበትን ቤት የጀርመን መድፍ መታው። አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ሞቱ። እሱ በሕይወት ተረፈ፤ ሁለቱም እጆቹ ግን ክፉኛ ቆሰሉ።

ወደ ለንደን ተመልሶ ወዲያው አንድ ቀላል ኮሜዲ ውስጥ ገባ። ያ ኮሜዲ ከ1915 እስከ 1918 ከ1,200 ጊዜ በላይ ታየ። ከጦር ሜዳ ለጥቂት ቀን ፈቃድ የመጡ ወታደሮች አዳራሹን ሞልተው ይስቁ ነበር። የሚያስቃቸው ሰው ከነሱው ጉድጓድ የመጣ ቁስለኛ ነው። ተዋናይ ዋሾ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን መድረክ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

የዋሾነቱን ክስ በጥንቃቄ የመረመረው አውግስጢኖስ ነው። ክርስትና ሊነሣ ሲዘጋጅ በጻፈው የብቻ ንግግር መጽሐፉ ውስጥ፣ ሮስክዮስ የተባለውን ታዋቂ ሮማዊ ተዋናይ በምሳሌነት ያነሣል። ሮስክዮስ የትሮይን ንግሥት ሄኩባን ሆኖ ሲጫወት ሐሰተኛ ሄኩባ ነው፤ ግን ሐሰተኛ ሄኩባ ባይሆን ኖሮ እውነተኛ ተዋናይ ሊሆን ባልቻለ ነበር። እዚህ ላይ ሐሰቱ ለእውነቱ መቆሚያ ሆኖታል። ውሸታም ሰው ሌላውን ሊያታልል ይፈልጋል፤ ተዋናይ ግን ማንንም ሊያታልል አይነሣም፤ ተመልካቹም ተታልሎ አይደለም የተቀመጠው። ትኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ ፕሪቶሪየስ የሚባል ሐኪም እንደሌለ ያውቃል። በመካከላቸው ስምምነት አለ። የሐሰት ምስክርነት ትእዛዝ በዚህ ስምምነት አይፈርስም።

የዋሾነቱ ክስ በዚህ ቢወድቅም የፕላቶ ክስ ግን ገና ቆሟል፤ የሚደጋገም ማስመሰል ነፍስን ይቀርጻል የሚለው ማለት ነው። በዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው ከቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ጌኔስዮስ የተባለ ሮማዊ ተዋናይ በንጉሡ ፊት የክርስቲያኖችን ጥምቀት እያፌዘ ይጫወት ነበር ይባላል። ውኃው ሲፈስበት ግን ልቡ ተለወጠ፤ ጨዋታውን አቁሞ በእውነት አምኛለሁ አለ፤ አንገቱንም ተቀላ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የተዋንያን ጠባቂ ቅዱስ ሆኖ ይዘከራል። ይህ ታሪክ ፕላቶን በግማሽ ይደግፈዋል። የለበሱት ነገር ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላልና፤ የዘለቀው ግን የተፌዘበት ቅድስና እንጂ ፌዙ አልነበረም።

ሁለተኛው ምስክር ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲዴሮ ነው። ከሞተ በኋላ በ1830 በታተመው፣ የተዋናይን ነገር በሚመረምረው ድርሰቱ፣ ታላቅ ተዋናይ በሚጫወትበት ጊዜ ምንም አይሰማውም ብሎ ይከራከራል። እንባው ከልብ ሳይሆን ከልምምድ ይመጣል። ዛሬ ያለቀሰበትን ቦታ ነገም በዚያው ሰዓት ማልቀስ የሚችለው ልቡ ቀዝቅዞ ስለሚያስተውል ነው። በዲዴሮ መንገድ ከሄድን ክፋቱ ከተዋናዩ ቆዳ አያልፍም።

የቴሲጀር ሥራ ከሁለቱም ይለያል። እሱ ክፉዎችን ሲጫወት በስሜት ሰጥሞ አይታይም፤ ቀዝቅዞም አይርቃቸውም። አጠገባቸው ሆኖ ይመረምራቸዋል። ሦስቱን ሚናዎቹን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው የእያንዳንዱ ኃጢአት ሥሩ ተገልጦ ይታየዋል።

የመጀመሪያው በ1924 ለንደን ውስጥ የታየው የበርናርድ ሾው «ቅድስት ጆን» ነው። ሲቢል ቶርንዳይክ ጆንን፣ ቴሲጀር ደግሞ የፈረንሳዩን አልጋ ወራሽ ሻርልን ሆኑ። ታሪኩ የታወቀ ነው። ገበሬይቱ ልጅ ጦር መርታ አልጋ ወራሹን አነገሠችው፤ እሷ ተይዛ በ1431 በእሳት ስትቃጠል ግን ያነገሠችው ንጉሥ ሊያድናት አልተነሣም። ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ የሰየመቻት በ1920፣ ተውኔቱ ከመታየቱ አራት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። በተውኔቱ መደምደሚያ ላይ ጆን ሙታንና ሕያዋን በተሰበሰቡበት ሕልም ውስጥ ተመልሳ ልምጣን ስትል፣ ያመሰገኗት ሁሉ አንድ በአንድ እያመካኙ ይወጣሉ። ሻርልም ወደ አልጋው ገብቶ ይተኛል። እዚህ ጋ ክፋት ቀንድ አላበቀለም። ክፋቱ ውለታን በልቶ መተኛት ነው፤ ይህንንም ለማሳየት ጨካኝ ፊት አላስፈለገም። የደከመ፣ ሰላሙን የሚወድ ሰው ፊት በቂ ነበር።

ሁለተኛው በ1932 ጄምስ ዌል ያዘጋጀው «አሮጌው ጨለማ ቤት» ነው። በዶፍ ዝናብና በመሬት መንሸራተት መንገድ የጠፋባቸው መንገደኞች በዌልስ ተራራ ላይ ወዳለ ቤት ይገባሉ። ቤቱ ውስጥ ወንድምና እኅት አሉ። ወንድምየው ሆረስ ፌም እግዚአብሔር የለም ባይ ነው፤ በማዕድ የሚደረገውን ጸሎት የእኅቱ የጎሣ ልማድ ብሎ ያፌዝበታል፤ እኅቱ ያዘጋጀችውን አበባ አንሥቶ እሳት ውስጥ ይወረውረዋል። እኅትየው ርብቃ ደግሞ ጆሮዋ የደነቆረ ጸሎተኛ ናት። ልብሷን ልትቀይር የገባችውን ወጣት እንግዳ ቀሚሷን ነክታ ይበሰብሳል ትላታለች፤ ገላዋን ነክታም ይህም ይበሰብሳል ትላታለች። አንዱ ያለ እምነት ፈሪ ነው፤ ከላይ ፎቅ ያለውን የገዛ ወንድሙን እየፈራ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ሌላዪቱ በእምነት ስም ምሕረት የለሽ ናት። ቴሲጀር ሆረስን በተጫወተበት ሁኔታ ውስጥ ፌዘኛነት የፍርሃት መሸፈኛ መሆኑ ግልጥ ብሎ ይታያል። ድምፁ በመጸየፍ ሲጀምር እጁ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል። ሃይማኖተኛ ተመልካች ይህን ፊልም አይቶ በከሓዲው ብቻ ሊፈርድ አይችልም፤ በርብቃም ራሱን ማየት ግድ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ፕሪቶሪየስ ነው። የሆሊዉድ የሳንሱር ኃላፊ የነበረው ጆሴፍ ብሪን የፊልሙን ጽሑፍ ሲያነብ፣ ፍራንከንስታይንን ከፈጣሪ ጋር የሚያነጻጽሩ ቃላት መብዛታቸውን ተቃውሞ እንዲቀነሱ አስደርጓል። ስጋቱ ይገባል። ነገር ግን የፕሪቶሪየስ ኃጢአት በንግግሩ ሳይሆን በወረንጦው ላይ ነው የሚታየው። ሕያው ነገር ሠርቶ፣ ያ ሕያው ነገር የሚወደውን ፍለጋ ሲሮጥ በወረንጦ ያነሣዋል። የሠራውን አይጠላውም፤ አይወደውምም፤ ያሳየዋል። በዚያው ፊልም ውስጥ ፍራንከንስታይን የሠራውን፣ ሰው ሁሉ ያሳደደውን ፍጡር ተቀብሎ የሚያበላው፣ ዳቦና ወይን የሚያካፍለው፣ ወዳጅ ስለሰጠኸኝ ብሎ እግዚአብሔርን አመስግኖ የሚያለቅስ ዓይነ ስውር ባሕታዊ አለ። ባሕታዊው ፍጡሩን አላየውም። ፕሪቶሪየስ ግን አይቶታል፤ መልኩንም አሠራሩንም ያውቃል። ከሁለቱ በፍጡሩ ውስጥ ሰው ያገኘው ማን እንደሆነ ለልጅ እንኳ ግልጽ ነው።

ከዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ፊት ጉዳይ ይዞራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ነቢዩ የእሴይን ልጆች ቁመናና መልክ አይቶ ሊቀባ ሲነሣ፣ ሰው የሚያየው ፊትን እንደሆነ፣ እግዚአብሔር ግን ልብን እንደሚያይ ይነገረዋል። ፊልም የተመሠረተው በተቃራኒው ነው። ካሜራ ልብን ሊያይ አይችልም፤ ያለው ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎች ገና ከጅምሩ ፊትን በዓይነት በዓይነቱ ደልድለው አስቀመጡ። ሰፊ አገጭ ለጀግና፣ ክብ ጉንጭ ለደግ፣ ቀጭን ከንፈርና ረጅም አፍንጫ ለተንኮለኛ። የቴሲጀር ፊት ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የሕይወቱን ታሪክ የጠየቀ አልነበረም።

በ1938 በተሠራው «ሌሊት የሚነዱ» በተባለው የእንግሊዝ ፊልም ይህ ድልድል ራሱ ጭብጥ ሆኗል። ከእስር ቤት ገና የወጣ አንድ ሰው፣ ያላደረገው ግድያ ይጠረጠርበታል። ታሪኩም፣ ልብሱም፣ አነጋገሩም ወንጀለኛ ያስመስሉታል። እውነተኛው ገዳይ ግን ቴሲጀር የሚጫወተው፣ ትሑት፣ የተማረ፣ መጽሐፍ የሚያገላብጥ፣ ድመቶች የሚንከባከብ የቀድሞ መምህር ነው። ኤምሊን ዊልያምስ የሚጫወተው ተጠርጣሪ በዝናብ ሲሸሽ፣ መምህሩ በጨዋ ደንብ ከሰው ጋር ይጫወታል። ፊልሙ ተመልካቹን በፊት መፍረድ ምን ያህል እንደሚያስት ያስተምረዋል። ተዋናዩም ፊቱን ለዚህ ትምህርት አውሷል። ክፉን መምሰል እዚህ ጋ የክፋት ተባባሪ መሆኑ ቀርቶ ክፋትን ማጋለጫ ሆኗል።

ታዲያ ማስመሰል ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት ነው? አይደለም። በዚያው ዘመን የተሠራ አንድ ሥራ ይህን ከማለት ይከለክላል።

ቬርነር ክራውስና ኮንራድ ፋይት የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተዋንያን ነበሩ። በ1920 «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም አብረው ሠርተዋል። አንዱ እብዱን ሐኪም፣ ሌላው በእንቅልፉ እየሄደ የሚገድለውን ሰው ሆነው ተጫወቱ። ሁለቱም ክፋትን በመምሰል አቻ አልነበራቸውም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ መንገዳቸው ተለያየ። ክራውስ በ1940 «አይሁዳዊው ዙስ» በተሰኘው የፕሮፓጋንዳ ፊልም ውስጥ ራሱን እየለዋወጠ ብዙ አይሁዳውያንን ሆኖ ተጫወተ፤ እያንዳንዱን አስጸያፊ አድርጎ። ሂምለር የኤስ ኤስና የፖሊስ አባላት ሁሉ ፊልሙን እንዲያዩ አዘዘ። ከጦርነቱ በኋላ ክራውስ ስለዚህ ሥራው በችሎት ፊት ቀርቧል። ፋይት ግን በ1933 ከአይሁዳዊት ባለቤቱ ጋር ጀርመንን ለቆ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በ1934ም የዚያኑ የዙስን ታሪክ ለአይሁድ የሚያዝን አድርጎ በተሠራው የእንግሊዝ ፊልም መሪ ተዋናይ ሆነ። ኋላ በ1942 በ«ካዛብላንካ» ውስጥ የናዚ ሻለቃ ሆኖ ተጫወተ።

ናዚን የተጫወተው የናዚ ጠላት ነው። አይሁዳውያኑን የተጫወተው ደግሞ ለገዳዮች አገለገለ። እንግዲህ የተዋናይ ኃጢአት በሚመስለው ሰው ክፋት አይለካም። ፋይት ክፋትን ሲጫወት ጣቱን የጠቆመው ወደ አንድ ድርጊትና ወደ አንድ ሥርዓት ነው፤ ተመልካቹ ያን ድርጊት ካየበት ሁሉ እንዲያውቀው። ክራውስ ግን የጠቆመው ወደ ሰዎች ፊት ነው፤ ተመልካቹ ያን ፊት ካየበት ሁሉ እንዲጠላው። ፊልም በፊት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ይህ አደጋ ምንጊዜም አብሮት ይኖራል። አንድ አዘጋጅ የክፉ ሰው ሚና ለማን እሰጣለሁ ብሎ ሲያስብ፣ ለዘራፊው የትኛውን አነጋገር፣ ለአጭበርባሪው የትኛውን ሕዝብ መልክ እመርጣለሁ ሲል፣ ሳያውቀው የፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፕሪቶሪየስን ያየ ሰው በመንገድ ላይ የሚያሳድደው ሕዝብ የለም። ይህ የቴሲጀርን ሥራ ከክራውስ ሥራ የሚለይ ትልቅ ድንበር ነው።

አውግስጢኖስ በቲያትር ላይ ሌላም ክስ አለው፤ ይህ ግን ወደ ተመልካቹ ያነጣጠረ ነው። በ«ኑዛዜ» ሦስተኛ መጽሐፉ ስለ ካርታጎ የተማሪነት ዘመኑ ሲናገር፣ በመድረክ ላይ ስለሚሠቃዩ ሰዎች ማልቀስ ይወድ እንደነበር ያወሳል። ከዚያም ይህ እንዴት ያለ ምሕረት ነው ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ተመልካቹ እንዲረዳ አይጠራም፤ እንዲያዝን ብቻ ይጋበዛል። ሐዘኑም ደስ ይለዋል። ለድኻ እጁን ሳይዘረጋ መሐሪ የሆነ ይመስለዋል።

ከዋሾነቱም ከመበከሉም ክስ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ዛሬም በየስልካችን መስተዋት ላይ የሌላውን ሥቃይ እያየን ለምናልፍ ሰዎች ሁሉ የሚደርስ ነው። ቴሲጀር በቃል አልመለሰለትም። በሥራ ግን የቀረበ ነገር አድርጓል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ጥልፍ ይወድ ነበር፤ እጆቹ ከቆሰሉ በኋላም መርፌና ክር አልተወም። ያን ጊዜ ጥልፍ ለወንድ የሚያሳፍር ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። እሱ ግን ከጦርነቱ እግራቸው ተቆርጦ፣ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ ከቤት መውጣት ያልቻሉ ወታደሮች አልጋቸው ላይ ሆነው ጥልፍ እየሠሩ እንዲሸጡ ለተቋቋመው የአካል ጉዳተኛ ወታደሮች የጥልፍ ማኅበር ረዳቱና አስተባባሪው ሆነ። በዚያው ዘመን በሆስፒታል የተኙ ቁስለኞች የጠለፉት የመንበር ልብስ፣ በ1919 በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በተደረገው የምስጋና ጸሎት ላይ ተዘርግቷል። ቴሲጀርም በ1941፣ በሁለተኛው ጦርነት መካከል፣ ስለ ጥልፍ ሥራ መጽሐፍ አሳትሟል።

በፊልም ቀረጻ መካከል በሚገኝ ዕረፍትም ጥልፉን ይዞ ይቀመጥ እንደነበር አብረውት የሠሩ ተናግረዋል። ፕሪቶሪየስን ወረንጦ ያስጨበጡት ጣቶች እነዚያው ናቸው። ፕላቶ እንደፈራው ማስመሰል በእጅ ላይ የሚጣበቅ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ እጆች ይመሰክሩ ነበር። ፕሪቶሪየስ ሕያዋንን በመስተዋት ውስጥ ዘግቶ ያሳያል፤ የተጫወተው ሰው ደግሞ ዓለም በአልጋ ላይ የዘጋቸውን ሰዎች እንጀራ እንዲያገኙ ያግዛል። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው ስለተጫወተ አይደለም፤ ክፉ ሰው መጫወቱም ይህን ከማድረግ አላገደውም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው ዲዴሮም ጌኔስዮስም በየበኩላቸው በከፊል ያዩት። ሰው በሚጫወተው ሚና ሊነካ ይችላል፤ በሚናው ግን ተጠናቅቆ አይታሰርም፤ ነጻ ፈቃድ የሚባለው ነገር ከመጋረጃው ጀርባም አብሮት አለና።

ሃይማኖተኛው ዓለም ራሱ በዚህ ጉዳይ ያለው ፍርድ ጸንቶ አልቆመም። ብሪን በ1935 ፕሪቶሪየስ በሚታይበት ፊልም ላይ ብዙ ተጨንቋል። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ያው ተዋናይ በ74 ዓመቱ «ቀሚሱ» በተባለው ፊልም ቄሣር ጢባርዮስን ሆኖ ቀረበ። ፊልሙ ስለ ክርስቶስ ቀሚስና ስለሰቀለው ሮማዊ መኮንን የሚተርክ፣ ሲኒማስኮፕ በተባለው ሰፊ ምስል ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው። የቴሲጀር ቄሣር መኮንኑን ወደ ፍልስጥኤም መልሶ ሲልክ፣ ቀሚሱን አግኝቶ እንዲያጠፋና የክርስቶስን ተከታዮች ስም መዝግቦ እንዲያመጣ ያዝዘዋል። ይህ ትእዛዝ ከፕሪቶሪየስ ፌዝ ሁሉ የከፋ ነው፤ የአሳዳጅ ትእዛዝ ነውና። ሆኖም በዓመቱ ከፍተኛ ገቢ ካገኙት ፊልሞች ግንባር ቀደሙን ለማየት ቤተሰባቸውን ይዘው አዳራሽ የሞሉ ክርስቲያኖች ጢባርዮስን መምሰል ኃጢአት ነው ብለው አልተነሡም። ያው ፊት፣ ያው ቀጭን ድምፅ፣ ያው ክፋት ነበር። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ታሪክ ነው። አማኙ ተመልካችም፣ ሳይነገረው፣ ፍርዱን ከተዋናዩ ነፍስ አንሥቶ ወደ ሥራው ዓላማ አሸጋግሯል፤ በ1953 ለጢባርዮስ ያደረገውን ይህን ቅንነት ለፕሪቶሪየስም፣ ለሆረስ ፌምም የሚነፍግበት ምክንያት አይታይም።